የተዋጠው ኮላጅን ወዴት ይሄዳል?

በበዓል ዋዜማ በግ ሲበለት ጉልበቱ ጋ ቀረብ ብሎ ማየት ጥሩ ነው። ቢላው ጅማቱን እንደበጠሰ አጥንቱ ሳይሰበር ለሁለት ይለያያል፤ ጫፍና ጫፉ ላይም ነጭ፣ በመጠኑ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ የሚያብለጨልጭ ሽፋን ይታያል። አውራ ጣት ቢያሳርፉበት ያንሸራትታል። በጥፍር ጫን ቢሉት ስርጉድ ይልና ጥቂት ቆይቶ ይሞላል። ቢሰነጥቁት ደም አይወጣውም። ልጆች ከመረቁ ውስጥ አውጥተው ኮርሸም እያደረጉ የሚበሉት ልም አጥንት፣ ሐኪሞች ካርቲሌጅ የሚሉት፣ ይኸው ነው።

በሰው ጉልበት ላይ የዚህ ሽፋን ውፍረት አብዛኛውን ቦታ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ከጉልበት ፊት ለፊት ካለችው ክብ አጥንት ጀርባ ብቻ 5 ወይም 6 ይደርሳል። በእግራችን ስንሄድ የሰውነታችንን ክብደት ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚችለው ይህ ስስ ነገር ነው። ደም ሥር የለውም፤ ነርቭም የለውም። ከክብደቱ ከ65 እስከ 80 በመቶው ውኃ ነው። የቀረው በዋናነት ሁለት ነገር ነው፦ ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን የሠራው መረብ፣ በመረቡ ውስጥ ታስረው ውኃ የሚስቡ ትልልቅ ሞለኪውሎች። እነዚያ ውኃ እየሳቡ ሊያብጡ ይፈልጋሉ፤ መረቡ ደግሞ ወጥሮ ይይዛቸዋል። ሽፋኑ ጫና የሚችለው በሁለቱ ግብግብ ነው። ይህን ሁሉ የሚጠብቁት ሕያው ሴሎች ከይዘቱ 2 በመቶ ቢሆኑ ነው፤ እያንዳንዳቸውም ከጎረቤታቸው ርቀው ለብቻቸው የተቀመጡ ናቸው። ምግባቸውን የሚያገኙት በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ሲሆን፣ ፈሳሹ ወደ ሽፋኑ የሚገባውና የሚወጣው ስንረግጥና ስንለቅ ነው። ስለዚህ የማይንቀሳቀስ ጉልበት ይራባል።

ደም የማይደርስበት ቦታ ሲጎዳ መጠገኑ ከባድ ነው። ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። በ1743 (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዊልያም ሃንተር የተባለ ለንደን ይሠራ የነበረ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ለሮያል ሶሳይቲ ባቀረበው ጽሑፍ፣ የቆሰለ ልም አጥንት አስቸጋሪ መሆኑን፣ አንዴ ከጠፋም እንደማይመለስ ገልጿል፤ ይህንንም ከሂፖክራተስ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነገር አድርጎ ነው የጻፈው። ከዚያ ወዲህ ሕክምናው ብዙ ተራምዷል፤ የሃንተርን ቃል ሙሉ በሙሉ የሚሽር ክኒን ግን እስከ ዛሬ የለም።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልጨምር፤ በኋላ ይጠቅመናል። ልም አጥንት ነርቭ ስለሌለው ራሱ አያምም። ጉልበት ሲያም የሚያመው ከሥሩ ያለው አጥንት፣ መገጣጠሚያውን የሚሸፍነው ስስ ሥጋ፣ ጅማቱና ጡንቻው ነው። ለዚህ ነው ራጃቸው አስደንጋጭ የሆነ አዛውንት ደብር ወጥተው ደብር ሲወርዱ፣ ራጇ ምንም የማያሳይ የአርባ ዓመት ሴት ደረጃ መውጣት የሚያቅታት። ሕመሙ ቀለለ ማለትና ሽፋኑ ታደሰ ማለት ለየቅል ናቸው።

አሁን ወደሚዋጠው ክኒን ብልቃጥ እንምጣ። አሜሪካ ልጅ ያላት እናት ቤት፣ ቡፌው ላይ ወይም ራስጌዋ አጠገብ፣ አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ዕቃ አይጠፋም። «ልጄ፣ ያ የጉልበት ክኒን አለቀብኝ» ትላለች በስልክ፤ በሚቀጥለው መንገደኛ ሻንጣ ይመጣላታል። ዕቃውን አንስተን እናገላብጠው። ከፊት በኩል በትልልቅ ፊደል የመገጣጠሚያን ጤና እንደሚደግፍ፣ እንቅስቃሴን እንደሚያግዝ ተጽፏል፤ የሚሮጥ ሰው ወይም የሚያበራ ጉልበት ተስሏል። ከኋላ፣ ዓይን በሚፈትን ደቃቅ ጽሑፍ፣ ሌላ ነገር አለ፦ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ይህን አባባል እንዳልመረመረውና ምርቱ ማንኛውንም በሽታ ለመመርመር፣ ለማከም፣ ለማዳን ወይም ለመከላከል እንዳልታሰበ የሚገልጽ ማስታወቂያ። ፊትና ጀርባው እንዲህ የሚጣረሱት በሕግ ነው። በ1994 የወጣው የአሜሪካ የምግብ ማሟያዎች ሕግ አምራቹ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ምርቱ እንደሚሠራ እንዲያሳይ አያስገድደውም። «አርትራይተስን ያድናል» ማለት ክልክል ነው፤ «መገጣጠሚያን ይደግፋል» ማለት ግን ይቻላል። «መደገፍ» የሚለካ ነገር ስላልሆነ አልደገፈም ብሎ ማሳየት ያስቸግራል። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በአንጻሩ በ2011 ስለተሰባበረ ኮላጅንና ስለ መገጣጠሚያ ጤና የቀረበለትን አባባል መርምሮ፣ አንዱ የሌላው መንስኤ መሆኑ አልተረጋገጠም ብሎ መልሶታል።

ዕቃው ውስጥ የሚገኘው ከሦስት ነገሮች አንዱ ወይም ድብልቃቸው ነው። የመጀመሪያው በኢንዛይም የተሰባበረ ኮላጅን ሲሆን፣ በዱቄት መልክ በቀን 10 ግራም ገደማ ይወሰዳል። ሁለተኛው ያልተሰባበረ፣ ከዶሮ ደረት ልም አጥንት የሚወጣ «ታይፕ ቱ» ኮላጅን ነው፤ መጠኑ 40 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ሦስተኛዎቹ ግሉኮሳሚንና ኮንድሮይቲን ናቸው፤ ቀደም ብዬ ውኃ ይስባሉ ካልኳቸው ሞለኪውሎች ጋር ዝምድና አላቸው። ግሉኮሳሚን በብዛት የሚሠራው ከሽሪምፕና ከክራብ ቅርፊት ነው። ኮላጅኑ ከከብት ቆዳ፣ ከዓሣ ቆዳ፣ ከዶሮ ወይም ከአሳማ ቆዳ ሊሆን ይችላል፤ ካፕሱሉ ራሱም ብዙ ጊዜ ከኮላጅን የሚወጣ ጄላቲን ነው። የሁዳዴን ጾም አንዲት ቀን ሳታጓድል የምትጾም እናት፣ ወይም አሳማ በቤቱ ደጃፍ የማያልፍ ሙስሊም አባት፣ ሳያውቁት በየማለዳው ሊውጡት ይችላሉ። ላኪው ልጅ ከመግዛቱ በፊት ምንጩን ቢያነብ ነውር የለውም።

ከዚህ ሁሉ ንግድ በስተጀርባ ያለው ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አጥንቱ የተሰበረ ሰው ወጌሻ ካሰረው በኋላ የቅልጥም መረቅ ይሠራለታል፤ አጥንትን አጥንት ይጠግነዋል ይባላል። መረቁ ሲያድር እንደሚረጋ ማንም ባለሙያ ታውቃለች። ያ የረጋው ነገር ጄላቲን ነው፤ ከአጥንቱ፣ ከጅማቱና ከልም አጥንቱ ለረጅም ሰዓት በመፍላት የወጣ ኮላጅን። መረቁ ይሞቃል፣ ይጣፍጣል፣ ለተዳከመ ሰውም የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፤ እኔም ሲቀርብልኝ እምቢ አልልም። ጥያቄው ግን ኮላጅኑ ከሳህኑ ተነሥቶ ጉልበት ድረስ ይሄዳል ወይ ነው።

ይህን ጥያቄ በሌላ መልኩ የጠየቁት የ19ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዮች ናቸው። ዳርሴ የተባለ ኬሚስት ከተጣለ አጥንት ጄላቲን በርካሽ የሚወጣበትን ዘዴ ያስፋፋል፤ የጄላቲን ሾርባም ለፓሪስ ሆስፒታሎችና ለድሆች ይታደል ጀመር። ፕሮቲን ነው፣ ከሥጋ የወጣ ነው፣ ርካሽ ነው፤ ታዲያ ሥጋን ለምን አይተካም? ሾርባውን የሚጠጡት ሰዎች ግን ያጉረመርሙ ነበር። ጉዳዩን እንዲያጣራ የሳይንስ አካዳሚው ያቋቋመው ኮሚሽን በፊዚዮሎጂስቱ በፍራንስዋ ማዣንዲ እየተመራ ዓመታት ፈጅቶ በ1841 ሪፖርቱን አቀረበ። ጄላቲን ብቻ የተመገቡ ውሾች ከስተው ሞተዋል። ምክንያቱን ለማወቅ 60 ዓመት ገደማ ወሰደ፦ ሰውነት ራሱ ሊሠራቸው ከማይችላቸው አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያ ክፍሎች) አንዱ የሆነው ትሪፕቶፋን በ1901 ተለይቶ ታወቀ፤ በኮላጅን ውስጥም የለም። ዛሬ በውድ የሚሸጠው የኮላጅን ዱቄት በፕሮቲን ጥራት መለኪያ ዜሮ የሚያገኘው በዚሁ ጉድለት ነው። ምስር ወጥ በእንጀራ ይበልጠዋል።

ሆድ ውስጥ የሚሆነውን ደግሞ እንከተል። የጨጓራ አሲድና የአንጀት ኢንዛይሞች የመጣውን ፕሮቲን ከየትም ይምጣ አይጠይቁም፤ ይቆራርጡታል። አብዛኛው አንድ በአንድ የተለያየ አሚኖ አሲድ ሆኖ ወደ ደም ይገባል። የፈረሰ ቤት ድንጋይ በመኪና ተጭኖ ከተማ ቢገባ ማን ምን እንደሚሠራበት የሚወስነው ከተማው እንጂ ድንጋዩ እንዳልሆነ ሁሉ፣ ከበሬ ቆዳ የመጣው አሚኖ አሲድም ጉልበት ልሂድ አይልም። ጡንቻ ይሆናል፣ ኢንዛይም ይሆናል፣ ይቃጠላል።

ሻጮቹ ግን እዚህ ላይ መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም ሙሉ በሙሉ ባዶ አይደለም። በ2005 የጃፓን ተመራማሪዎች ጄላቲን ከጠጡ ሰዎች ደም ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሳይፈርሱ ያለፉ፣ የኮላጅን መለያ የሆነውን ሃይድሮክሲፕሮሊንን የያዙ ቁርጥራጮች አግኝተዋል። ቀደም ብሎ በ1999 ጀርመን ውስጥ ራዲዮአክቲቭ ምልክት የተደረገበት የተሰባበረ ጄላቲን ለአይጦች ተሰጥቶ፣ ምልክቱ በልም አጥንታቸው ውስጥ ጎልቶ ታይቷል። እንግዲህ ቁርጥራጮቹ ግንቡ ላይ ባይገነቡም የልም አጥንቱን ሴሎች «ተነሡ፣ ሥሩ» ብለው ይቀሰቅሱ ይሆናል ነው ክርክሩ። በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይታያል። የሰው ጉልበት ግን ሳህን አይደለም።

ታዲያ ያደገ ሰው ጉልበት ኮላጅኑን ያድሳል ወይ? መልሱ የመጣው ማንም ካልጠበቀው ቦታ፣ ከአቶሚክ ቦምብ ነው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 1963 ኃያላኑ መንግሥታት ቦምባቸውን ሜዳ ላይ ሲሞክሩ አየሩ ውስጥ የነበረው ካርቦን 14 የተባለ ራዲዮአክቲቭ ካርቦን በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ወደ እጥፍ ተጠጋ። በ1963 ሞስኮ ላይ በተፈረመው ስምምነት የአየር ላይ ሙከራው ሲገታ መጠኑ ቀስ በቀስ መውረድ ጀመረ። ዕፅዋት ይህን ካርቦን ከአየር ይወስዳሉ፤ እንስሳት ዕፅዋቱን፣ እኛም ሁለቱን እንበላለን። ስለዚህ በየዓመቱ የተሠራ የሰውነት ክፍል የዚያን ዓመት አየር ልክ ይዞ ይቀራል። ክፍሉ እየታደሰ ከሄደ ልኩ ይቀየራል፤ ካልታደሰ እንዳለ ይቆያል።

የኮፐንሃገኗ ካትያ ሃይነማየርና ባልደረቦቿ ይህን ዘዴ መጀመሪያ የሞከሩት በተረከዝ ጅማት ላይ ነው። በ2013 ባወጡት ጥናት የጅማቱ እምብርት ሰው ቁመት በሚጨምርባቸው የመጀመሪያ 17 ዓመታት ገደማ ተሠርቶ ከዚያ በኋላ እንደማይታደስ አሳዩ። በ2016 ወደ ጉልበት ዞሩ። ጉልበታቸው በሰው ሠራሽ የተቀየረላቸውን ታማሚዎች ልም አጥንትና ጤነኛ ልም አጥንትን ወስደው ኮላጅኑን ለይተው ለኩ። በ1930ዎቹ አጋማሽ የተወለደ ሰው የ1963ቱን የካርቦን ከፍታ በጎልማሳነቱ በልቷል፣ ጠጥቷል። ኮላጅኑ ጥቂት በጥቂት እንኳ ቢታደስ ኖሮ ያ ከፍታ ጉልበቱ ላይ አሻራውን በተወ ነበር። አልተወም። በጉልበቱ ያለው ኮላጅን የልጅነቱ ነው። ይበልጥ የሚገርመው፣ ኦስቲዮአርትራይተስ (ልም አጥንት እየሳሳ የሚያልቅበት ሕመም) በጎዳው ልም አጥንት ላይም ውጤቱ ያው ነው፤ ሕመሙ የጥገና ሥራ አላስነሣም። ውኃ ሳቢዎቹ ሞለኪውሎች በአንጻሩ ይታደሳሉ፤ መረቡ ግን አንዴ የተዘረጋ ነው።

ይህን ጥናት ባነበብኩ ቁጥር የኮላጅን ማስታወቂያ ያሳዝነኛል። ሰባ ዓመት የሞላት ሴት ዛሬ የቆመችበት መረብ ውኃ ስትቀዳ፣ ገመድ ስትዘል በነበረችበት ዕድሜ የተሠራ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የበላችው ሥጋ፣ የጠጣችው ወተትና መረቅ ያላደሰውን መረብ 10 ግራም ዱቄት ያድሰዋል የሚል ሰው የማስረዳት ሸክሙ በእሱ ላይ ነው።

«እኔ ግን ተሽሎኛል» የሚል ሰው ግን አለ፤ አንድ ሁለትም አይደለም። ይህን ሰው ዋሽተሃል ማለት ስንፍና ነው። በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ ተሠርቶ በ2006 የታተመው ትልቅ ጥናት እዚህ ላይ ብዙ ይናገራል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው 1,583 ሰዎች በዕጣ ከአምስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ግሉኮሳሚን፣ አንዱ ኮንድሮይቲን፣ አንዱ ሁለቱንም፣ አንዱ ሴሌኮክሲብ የተባለውን የታወቀ የሕመም ማስታገሻ፣ የመጨረሻው ደግሞ ፕላሲቦ፣ ማለትም ምንም የሌለበት አስመሳይ ክኒን ለ24 ሳምንት ወሰደ። ሰውየውም ሐኪሙም የትኛው እንደሆነ አያውቁም። ሕመሙ ቢያንስ በ20 በመቶ የቀነሰለት ሰው «ተሽሎታል» ተብሎ ተቆጠረ። ሴሌኮክሲብ ከወሰዱት 70.1 በመቶ ተሻላቸው። ሁለቱን ማሟያዎች አጣምረው ከወሰዱት 66.6 በመቶ። ምንም ከሌለበት ክኒን? 60.1 በመቶ። ማሟያው ከባዶው ክኒን የበለጠበት ልዩነት በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው አላለፈም። ሕመማቸው ከበድ ባለ አንድ አነስተኛ ቡድን ላይ ጥምሩ ደህና ውጤት አሳይቷል፤ ሻጮች እስከ ዛሬ የሚጠቅሱት እሱን ነው። በኋላ እስከ ሁለት ዓመት የተከታተሉት ግን ይህን የሚያጸና ነገር አላገኙም። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ በ2019 መመሪያው ግሉኮሳሚን ለጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ እንዳይሰጥ አጥብቆ መክሯል።

ከአሥር ሰው ስድስቱ በባዶ ክኒን የሚሻለው ለምንድን ነው? የጉልበት ሕመም ይወጣል ይወርዳል። ሰው መድኃኒት የሚፈልገው፣ ለልጁ የሚደውለው፣ ሕመሙ ጣሪያ በነካበት ሳምንት ነው፤ ከዚያ በኋላ ምንም ባይደረግም በአብዛኛው መውረዱ አይቀርም። ምስጋናውን የሚወስደው በዚያን ጊዜ እጅ ላይ የነበረው ነገር ነው፤ ክኒኑ፣ ጠበሉ፣ ቅባቱ። ተስፋ ራሱም በሰውነት ላይ ይሠራል። በሂውስተን ብሩስ ሞዝሊ የተባለ የአጥንት ቀዶ ሐኪምና ባልደረቦቹ 180 ታማሚዎችን ከሦስት ከፍለው፣ ለአንዱ ሦስተኛ ቆዳውን ብቻ በስተው ሰፉለት፤ ጉልበቱ ውስጥ ምንም አልተነካም። ለቀሩት መገጣጠሚያው በእውነት ታጠበ ወይም ተጠረገ። በ2002 በታተመው ውጤት ሁለት ዓመት ሙሉ በሦስቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። ቀዶ ሕክምና እንኳ እንዲህ ከሆነ ልጇ ከሩቅ አገር የላከላት ክኒን ቢያሽላት አይደንቅም።

ባለ 40 ሚሊ ግራሙ የዶሮ ኮላጅን ታሪኩ ሌላ ስለሆነ በአጭሩ ልለፍበት። እሱ የግንባታ ዕቃ ነኝ አይልም፤ መጠኑም አይፈቅድለትም። ሐሳቡ የሰውነት መከላከያ በአንጀት በኩል በትንሽ በትንሹ ኮላጅንን እንዲለምድና መገጣጠሚያውን ማጥቃቱን እንዲተው ማድረግ ነው። በ1993 የቦስተን ተመራማሪዎች በ60 የሩማቶይድ አርትራይተስ (መከላከያው የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ) ታማሚዎች ላይ ሞክረውት አራት ሰዎች ሙሉ በሙሉ በመሻላቸው ታላቅ ደስታ ሆኖ ነበር፤ በኋላ በ274 ሰዎች ላይ ሲሞከር ደስታው በረደ፣ መድኃኒትም ሳይሆን ቀረ። ዛሬ ለኦስቲዮአርትራይተስ የሚቀርቡለት ጥናቶች አነስተኛ ናቸው፤ ከበርካታዎቹ ጀርባም አምራቾች አሉ። የሻርክ ልም አጥንትማ በ1992 ሻርክ ካንሰር አይይዘውም በሚል መጽሐፍ ተነሥቶ ብዙ ገንዘብ የበላ ወሬ ነው፤ ሻርክ ካንሰር ይይዘዋል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ብር ማባከን ላይ ነው። ከዚያ የከፋም አለ። «ይኼኛውስ እንደሌላው አይደለም፣ በሁለት ቀን አስነሣኝ» የሚባልለት የመገጣጠሚያ ማሟያ ሲያጋጥም መደሰት ሳይሆን መጠራጠር ይገባል። በ2022 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር «አርትሪ ኪንግ» በሚል ስም ስለሚሸጥ ማሟያ ደጋግሞ አስጠንቅቋል። ልጥፉ ላይ ግሉኮሳሚን የመሳሰሉ የተለመዱ ነገሮች ተዘርዝረዋል፤ ቤተ ሙከራ ያገኘው ግን በልጥፉ ያልተጻፉ ዲክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻና ዴክሳሜታዞን ነው። ሁለተኛው ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው፤ በርግጥም ያስነሣል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን ስኳርና ደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ሰውነት የራሱን ሆርሞን መሥራት እንዲያቆምም ያደርጋል፤ ስለዚህ በድንገት ሲተዉት ሰው ሊወድቅ ይችላል። የጉበት ጉዳትና ሞት እንደደረሰ ለመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት መጥቶለታል። እንዲህ ያለ ነገር ለወራት የወሰደ ሰው አውጥቶ ከመጣሉ በፊት ዕቃውን ይዞ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት።

ሌላው የደም ማቅጠኛው የዋርፋሪን ጉዳይ ነው። በአገራችን በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ ልብን በሚጎዳው በሽታ ምክንያት ቫልቭ ተቀይሮላቸው ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎች አሉ። ግሉኮሳሚን ሲጨመርበት ደም ከሚገባው በላይ መቅጠኑ በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። ክኒኑ «ተፈጥሯዊ» ስለሆነ ለሐኪም አይነገርም፤ ሐኪሙም ስለ ማሟያ አይጠይቅም። ዘመድ የላከውን ሁሉ በፌስታል ይዞ ቀጠሮ መሄድ ቀላል መፍትሔ ነው።

ማለዳ ሲነሡ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይ መገተር፣ ያበጠና የሚያተኩስ መገጣጠሚያ፣ የሁለቱም እጅ ጣቶች እኩል መታመም፣ እነዚህ የልም አጥንት ማለቅ ላይሆኑ ይችላሉ። ሩማቶይድ አርትራይተስ ሊሆን ይችላል፤ ለሱ የሚሠሩ እውነተኛ መድኃኒቶች አሉ፣ ሲዘገይም ይጎዳል። «ብርድ ነው፣ ቁርጥማት ነው» እየተባለ በማሟያ የሚባክነው ጊዜ የሚያስቆጨው በተለይ እዚህ ነው።

ታዲያ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ምን ይደረግ? ስቴፈን መሲየርና ባልደረቦቹ በ2005 እንዳሳዩት ከሰውነት የሚቀንሰው እያንዳንዱ ኪሎ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ያነሳል። አምስት ኪሎ የቀነሰች ሴት በየእርምጃዋ ሃያ ኪሎ አወረደች ማለት ነው፤ ገበያ ደርሳ እስክትመለስ ስንት ሺህ እርምጃ እንዳለ እሷ ታስላው። ሁለተኛው የጭን ጡንቻን ማጠንከር ነው። ዴንማርኮች በ2013 በጀመሩት ፕሮግራም ታማሚዎች ስለ ሕመማቸው ከተማሩ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን ለስድስት ሳምንት በባለሙያ እየታዩ ይሠራሉ። መሣሪያ አያስፈልግም፦ ከወንበር ላይ እጅን ሳይደገፉ ቀስ ብሎ መነሣትና መቀመጥ፣ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ መውጣትና መውረድ። ሲሠሩ ትንሽ ማመሙ አያስፈራም፤ በማግስቱ ከበፊቱ ካልባሰ መቀጠል ይቻላል። በሰሙነ ሕማማት ስግደት ጉልበታቸው የተነሣባቸው ሰዎች ከዚያ በኋላ ጨርሶ ሲቀመጡ አያለሁ፤ ዓመቱን ሙሉ ያልሠራን ጡንቻ በአንድ ሳምንት ማስጨነቅና ከዚያ ዓመቱን ማሳረፍ ሁለቱም ጉልበትን አይጠቅሙም። ለሕመሙ ደግሞ የሚቀባ ዲክሎፌናክ አለ፤ ከሚዋጠው ይልቅ ለጨጓራና ለኩላሊት ይራራል።

ኮላጅን ለመሥራት ሰውነት ቫይታሚን ሲ ይፈልጋል ይባላል፤ እውነት ነው። ቃሪያና ቲማቲም ያለበት ሰላጣ በቂ ነው።

ማሟያውን ለመውሰድ የቆረጠ፣ ዋርፋሪን የማይወስድ፣ ምንጩን ያነበበና ገንዘቡ የማይጎዳው ሰው ቢሞክረው አልቆጣውም፤ ሦስት ወር ወስዶ፣ አንድ ወር ትቶ፣ ልዩነት መኖሩን ራሱ ይፍረድ። ላኪው ልጅ ግን እኔን ቢጠይቀኝ፣ ለዚያው ገንዘብ ሶሉ ለስላሳ የሆነ፣ የማያንሸራትት ጫማ ቢልክ ይሻላል እለዋለሁ። ከዘራም ይጨመር፤ ከዚህም ይገኛል። ብዙ አዛውንቶች ከዘራውን የሚይዙት በሚያመው ጉልበት በኩል ነው። መያዝ ያለበት በተቃራኒው እጅ ነው፤ ቀኝ ጉልበት ካመመ በግራ። ቁመቱም እጅ ወደ ታች ተለቆ ሲንጠለጠል መያዣው የእጅ አንጓ መታጠፊያ ላይ የሚደርስ መሆን አለበት፤ ከረዘመ ይቆረጥ።